ታይታኒየም የት ያዋጣል፣ የትስ ያከስራል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፓምፑ፣ ቫልቩ ወይም ቱቦው በኬሚካል እየተበላ ያስመረረው ሰው አንድ ቀን "ለምን በታይታኒየም አንቀይረውም?" ብሎ ይጠይቃል። አንዳንዴ መልሱ አዎ ነው። ዕቃው ተገጥሞ ይረሳል። አንዳንዴ ግን ያ ሁሉ ብር የወጣበት ብረት ከቀድሞው ስቴንለስ ፈጥኖ ያልቃል። ብዙ ጊዜ የሚነሱትን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

ታይታኒየም የማይበላው ለምንድን ነው?

ብዙ ሰው ታይታኒየምን እንደ ወርቅ ከማንም ጋር የማይነካካ ጨዋ ብረት ያደርገዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። ታይታኒየም ኦክስጅን ሲያገኝ ለመጣበቅ የሚቸኩል ብረት ነው። ያዳነውም ይኸው ችኮላው ነው። አዲስ የተቆረጠ ገጹ አየር ወይም ውሃ እንደነካው ወዲያው የኦክሳይድ ሽፋን ይለብሳል። ሽፋኑ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ በዓይን አይታይም። ግን ድፍን ነው፣ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው፣ ቢጫርም ራሱን ይጠግናል።

ራሱን እንዲጠግን ግን ኦክስጅን የሚያገኝበት ቦታ ያስፈልጋል። ከአየር ይሁን፣ ከውሃ ይሁን፣ ከኬሚካሉ ይሁን ግድ የለውም። ከዚህ በታች የምትጠይቁት ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ይመጣል፦ ሽፋኑ ሲቀደድ መጠገኛ አለው ወይ?

ሳልጨነቅ ልጠቀምበት የምችለው የት ነው?

የባሕር ውሃ ዋናው ሜዳው ነው። በባሕር ውሃ በሚቀዘቅዙ የኃይል ማመንጫዎች ኮንደንሰር (እንፋሎቱን ወደ ውሃ የሚመልሰው ክፍል) ውስጥ የታይታኒየም ቱቦ ግድግዳ 0.5 ወይም 0.7 ሚሊሜትር ብቻ ሆኖ ይሠራል። ለዝገት ተብሎ የሚጨመር ውፍረት የለም፤ አያስፈልግምና። የመዳብ ቅይጥ ቱቦዎች ውሃው በሰከንድ ከ2 ወይም ከ3 ሜትር በላይ ሲሮጥባቸው መሸርሸር ይጀምራሉ። ታይታኒየም ከዚያ እጅግ የፈጠነውን፣ አሸዋ ያለበትንም ጭምር ይችላል።

እርጥብ ክሎሪን፣ የማንጫ ኬሚካሎች እንደ ሃይፖክሎራይትና ክሎሪን ዳይኦክሳይድ፣ የጨው ውሃዎች፣ አብዛኛው የናይትሪክ አሲድ ሥራ፣ አሴቲክ አሲድን የመሰሉ ኦርጋኒክ አሲዶች፣ እነዚህም የእሱ ናቸው። ስቴንለስን በነጥብ በነጥብ የሚበሳው ክሎራይድ ታይታኒየምን እምብዛም አያስጨንቀውም።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። መዳብ የባሕር ፍጥረታትን ይመርዛል፣ ታይታኒየም አይመርዝም። ስለዚህ ቱቦው ባይበላም አልጌና ቀንድ አውጣ መሳይ ነገር በደስታ ይሰፍርበታል። ክሎሪን መጨመር ወይም በየጊዜው ማጽዳት የግድ ነው።

የማይሆነው የት ነው?

እዚህ ላይ ዝርዝር እገባለሁ። ገንዘብ የሚጠፋው፣ አልፎ አልፎም ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

ፍሎራይድ። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ የኦክሳይዱን ሽፋን ራሱን ያሟሟዋል። ከዚያ በኋላ የቀረው እርቃን ብረት ነው። አሲዳማ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ በሚሊዮን በጥቂቱ የሚለካ ፍሎራይድ እንኳ ጉዳት ያደርሳል። "ትንሽ ናት" የሚባለው ነገር እዚህ አይሠራም። ለፎስፈሪክ አሲድ ፋብሪካ ታይታኒየም የሚያስብ ሰው የፍሎራይድ መጠኑን ሳያውቅ አንድም ቡሎን አይግዛ።

ደረቅ ክሎሪን። ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው። እርጥብ ክሎሪን ውስጥ ጀግና የሆነው ብረት ደረቅ ክሎሪን ውስጥ ሊቀጣጠል ይችላል። የሚያድነው ጋዙ ውስጥ ያለው ውሃ ነው፤ በተራ ሙቀት ወደ 1 በመቶ የሚጠጋ ያስፈልጋል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ። በክሎሪን ፋብሪካ ውስጥ ከማድረቂያው በፊት ታይታኒየም፣ ከማድረቂያው በኋላ ተራ ብረት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱን ማቀያየር አደጋ ነው።

ሃይድሮክሎሪክና ሰልፈሪክ አሲድ። እነዚህ ሽፋኑን ከመመገብ ይልቅ ይነጥቁታል። ግሬድ 2 (በብዛት የሚገዛው ያልተቀየጠ ታይታኒየም፤ ስለ ግሬዶቹ ወደ ታች እመጣለሁ) በተራ ሙቀት 5 በመቶ ገደማ ሃይድሮክሎሪክ ሊችል ይችላል፤ ሲሞቅ ወይም ሲጠነክር ግን ያልቃል። ሰልፈሪክም እንደዚያው ነው።

ውሃ የሌለው ሜታኖል። ውጥረት ያለበትን ታይታኒየም ይሰነጥቃል። ወደ 2 በመቶ ውሃ ሲገባበት ጠባዩ ይለወጣል። ለዚህ ነው ታይታኒየምን በንጹሕ ሜታኖል መወልወል የማይመከረው።

ቀዩ ጭስ የሚወጣው ናይትሪክ አሲድ። ውሃው ያነሰበትና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱ የበዛበት ዓይነት ማለቴ ነው። ገጹ ላይ በትንሽ ምት የሚፈነዳ ነገር ይተዋል። ንጹሕ ኦክስጅን በግፊትም እንዲሁ ነው፤ ታይታኒየም እዚያ ውስጥ ነዳጅ ነው። ሙቅና አልካላይ የሆነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድም ይበላዋል። የወረቀት ፋብሪካ ሰዎች ማንጫቸውን ከክሎሪን ወደ ፐርኦክሳይድ ሲቀይሩ የድሮውን የታይታኒየም ዕቃ እንዳለ መጠቀም እንደማይችሉ ያወቁት በዚህ ነው።

ታዲያ በሙቅ ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ታይታኒየም ሲሠራ የሚታየው እንዴት ነው?

ጥሩ ጥያቄ ነው። የኒኬል ማዕድን በሰልፈሪክ አሲድ የሚሟሟባቸው ግዙፍ የግፊት ጋኖች ውስጣቸው ታይታኒየም የለበሰ ነው፣ ሙቀታቸውም 250 ዲግሪ አካባቢ ነው። ምሥጢሩ ማዕድኑ ውስጥ ያለው ተራው ብረት (አይረን) ነው። በአሲዱ ውስጥ የሟሟው ሦስት ቻርጅ ያለው የብረት አዮን ሽፋኑን ይመግበዋል። መዳብም ሲሟሟ ይህንኑ ያደርጋል። በጣም ጥቂት ይበቃል።

ከዚህ የምንማረው በመጽሐፍ ሰንጠረዥ ላይ ያለው "ንጹሕ አሲድ" እና በቱቦአችሁ ውስጥ ያለው አሲድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። ቆሻሻው አንዳንዴ ይገድላል፣ እንደ ፍሎራይዱ። አንዳንዴ ያድናል፣ እንደ ብረቱ። የፈሳሹን ሙሉ ትንታኔ ሳይዙ "ሰልፈሪክ ነው" ብሎ ብቻ መጠየቅ ግማሽ ጥያቄ ነው።

ግሬዱን እንዴት ልምረጥ?

ከግሬድ 1 እስከ 4 ያሉት ቅይጥ አይደሉም። የሚለያዩት በዋናነት በኦክስጅን መጠን ነው፤ የላይኛው ወሰን በቅደም ተከተል 0.18፣ 0.25፣ 0.35 እና 0.40 በመቶ። ኦክስጅን ሲጨምር ብረቱ ይጠነክራል፣ መታጠፉ ይቀንሳል። ዝገትን በመቋቋም ረገድ ግን ወንድማማች ናቸው። ግሬድ 1 በቀላሉ ስለሚለመጥ ለሙቀት መለዋወጫ ሳህኖች ይመረጣል። ለቀረው ሥራ ግሬድ 2 መነሻችሁ ይሁን። ገበያ ላይም እንደ ልብ ይገኛል።

ግሬድ 2 ካልበቃ ግሬድ 7 አለ። ግሬድ 2 ላይ ከ0.12 እስከ 0.25 በመቶ ፓላዲየም ሲጨመር ማለት ነው። ይህች ቁንጣሪ ፓላዲየም የሚነጥቁትን አሲዶች የመቋቋም አቅሙን እጅግ ከፍ ታደርገዋለች፤ በሙቅ ጨው ውስጥም በጠባብ ክፍተት ውስጥ እንዳይበላ ትረዳለች። ዋጋዋ ግን የከበረ ብረት ዋጋ ነው። ስለዚህ ፓላዲየሙ ከ0.04 እስከ 0.08 በመቶ የሆነው ግሬድ 16 መጣ። ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ኪስም አይጎዳም። ግሬድ 12 ደግሞ ፓላዲየም የለውም፤ 0.3 በመቶ ሞሊብዲነምና 0.8 በመቶ ኒኬል አለው። ከ2 ይሻላል፣ 7 ላይ አይደርስም።

ግሬድ 5 በጣም ጠንካራው አይደል? ለምን እሱን አንወስድም?

አዎ፣ ጠንካራ ነው። የግሬድ 2 ዝቅተኛ የመለጠጫ ጥንካሬ 275 ሜጋፓስካል ሲሆን የግሬድ 5 ደግሞ 828 ነው። ግን 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም የተጨመረበት ለአውሮፕላን እንጂ ለአሲድ ጋን አይደለም። በአሲድ ውስጥ ከግሬድ 2 የተሻለ አይሆንም፣ ብዙ ጊዜም ያንሳል። ስንጥቅ የጀመረበት ዕቃ ደግሞ በባሕር ውሃ ውስጥ ስንጥቁ ሊያድግበት ይችላል። ለፓምፕ ዘንግ ወይም ለቡሎን አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። ለቱቦና ለጋን ግን ሻጩ ግሬድ 5 "ይሻላል" ካላችሁ ምን ለምን ይሻላል ብላችሁ ጠይቁት።

ፍላንጁ (ቱቦዎች በቡሎን የሚገጣጠሙበት ቀለበት) ሥር ብቻ የተበላው ለምንድን ነው?

ቱቦው ውስጡ እንደ አዲስ ያበራል። ጓርኒሲዮኑ ሲነሣ ግን ከሥሩ ብረቱ ተፈልፍሎ ይገኛል። ይህ ጠባብ ክፍተት ውስጥ የሚደርስ መበላት ነው፤ የታይታኒየም እውነተኛ ድክመትም ይህ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠባብ ክፍተት ውስጥ የገባ ፈሳሽ አይታደስም። ያለው ኦክስጅን ያልቃል። ክሎራይድ ይከማቻል፣ አሲድነቱ ይጨምራል። ውጭ ያለው ፈሳሽ ምንም ጉዳት የሌለው ጨው ውሃ ቢሆን እንኳ ክፍተቱ ውስጥ ትንሽ የሃይድሮክሎሪክ አሲድ ኩሬ ተፈጥሯል። ግሬድ 2 በክሎራይድ ውስጥ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ገደማ ድረስ ይህ አይደርስበትም። ከዚያ በላይ ያጠያይቃል።

ጓርኒሲዮኑ ቴፍሎን ከሆነ ደግሞ ችግሩ ይብሳል። ኬሚካል አይነካውም ብለን የምንወደው ቴፍሎን በሞቀ ታይታኒየም ላይ ጥሩ ጎረቤት አይደለም። ለሞቀ ጨው ሥራ የፍላንጁን ፊት ብቻ በግሬድ 7 መሥራት ወይም ፓላዲየም ባለበት የታይታኒየም መበየጃ ዘንግ ማልበስ የተለመደ መፍትሔ ነው። ሙሉውን መስመር በውዱ ግሬድ መሥራት አያስፈልግም።

ከሌላ ብረት ጋር ብገጥመውስ?

ታይታኒየሙ አይጎዳም። ጎረቤቱ ይጎዳል። ባሕር ውሃ ውስጥ ታይታኒየም ከተራ ብረት፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከመዳብ ቅይጥ ጋር ሲነካካ እነሱን ያስበላቸዋል። የኮንደንሰር ቱቦ ከመዳብ ቅይጥ ወደ ታይታኒየም ተቀይሮ ቱቦዎቹ የተሰኩበት የነሐስ ሰሌዳ እንዳለ ሲተው የሚመጣው ጣጣ ይኸው ነው። ትልቅ የታይታኒየም ገጽ ከትንሽ ሌላ ብረት ጋር ሲገናኝ ትንሹ በፍጥነት ያልቃል።

ብዙ ሰው ቀለም የሚቀባው የሚበላውን ብረት ብቻ ነው። ይህ ስህተት ነው። ቀለሙ ላይ አንድ ጭረት ከወጣ ያ ሁሉ ጥቃት እዚያች ጭረት ላይ ይዘንባል። ቀለም መቀባት ያለበት ታይታኒየሙም ጭምር ነው፤ በተለይ እሱ። ካልሆነ የኤሌክትሪክ መለያያ ጓርኒሲዮንና የቡሎን ልብስ ይግቡ።

ጎረቤቱ ሲበላ ታይታኒየሙ ገጽ ላይ ደግሞ ሃይድሮጅን ይፈጠራል። ሙቀቱ ከ80 ዲግሪ ገደማ ካለፈና ፈሳሹ ፒኤች ከ3 በታች ወይም ከ12 በላይ ከሆነ ታይታኒየሙ ሃይድሮጅኑን ይጠጣል። ከዚያ እንደ ሸክላ ይሰባበራል። ከውጭ ምንም ምልክት ስለማይታይ አደገኛ ነው። ጎረቤቱ ብረት እንዳይበላ ተብሎ የሚለቀቅበት የኤሌክትሪክ ጅረት ከመጠን ሲያልፍም ይህንኑ ያመጣል።

በነበረው የስቴንለስ ስዕል ላይ ስሙን ብቻ ቀይሬ ላሠራ?

አይ። ታይታኒየም ክብደቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 4.5 ግራም ነው፤ ስቴንለስ 8 ገደማ። ያ ጥሩ ነው። ግን ግትርነቱም የስቴንለስን ግማሽ ያህል ነው፣ 105 ጊጋፓስካል አካባቢ። በአንድ ዓይነት ጭነት እጥፍ ይታጠፋል። ቀጭን ቱቦ ሲሆን ደግሞ በፈሳሹ ሩጫ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ከድጋፍ ሰሌዳው ጋር እየተፋተገ ይበሳል። የቱቦ ድጋፎቹ ርቀት መጠበብ አለበት። ቱቦው በዝገት ሳይሆን በመንቀጥቀጥ ሲበሳ ማየት በጣም ያናድዳል።

ሙቀትም ወሰን አለው። ግሬድ 2 ሲሞቅ ጥንካሬው በፍጥነት ይወርዳል፤ በአሜሪካው የግፊት ዕቃዎች ኮድ 316 ዲግሪ ላይ ያበቃል።

ብየዳው ምን ልዩ ነገር አለው?

አርጎን፣ አርጎን፣ አሁንም አርጎን። የሞቀ ታይታኒየም ኦክስጅንና ናይትሮጅን ከአየር ይጠጣል፣ ይደነድናል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የቀለጠውን ቦታ መሸፈን ብቻ አይበቃም። ከኋላ እየተከተለ የሚሸፍን ጋዝ፣ ከቱቦው ውስጥም ሌላ ጋዝ ያስፈልጋል፤ ብየዳው ከ400 ዲግሪ ገደማ በታች እስኪወርድ ድረስ።

ደግነቱ ቀለሙ ይናገራል። የብር ቀለም ጥሩ ነው። ቀለል ያለ ገለባማ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ሰማያዊ ጥርጣሬ ነው። ግራጫ ወይም ነጭ ዱቄት ከሆነ ተቆርጦ ይውጣ። በያጁ ቀለሙን በብሩሽ አጥፍቶ እንዳያሳያችሁ ብቻ ሳይነካ እዩት።

ንጽሕናውም አለ። የተራ ብረት ብናኝ ታይታኒየም ገጽ ላይ ከተጣበቀ በኋላ የሃይድሮጅን መግቢያ በር ይሆናል። የሽቦ ብሩሹና የመፍጫ ዲስኩ ለታይታኒየም ብቻ የተለዩ ይሁኑ። ከተቻለ ክፍሉም ይለይ። ታይታኒየምን በቀጥታ ከተራ ብረት ጋር መበየድ ደግሞ አይሞከርም፤ መገጣጠሚያው እንደ መስታወት ይሰበራል። ታይታኒየም የለበሰ የብረት ላሜራ የሚሠራው በፈንጂ ኃይል አጣብቆ ነው።

ቡሎኑ ዳዶው ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። ምን በደልኩ?

ታይታኒየም ከታይታኒየም ጋር ሲፋተግ ይናከሳል። ቅባት ያስፈልጋል፤ ለዚህ የተሠራ መጣበቅ መከላከያ ይቀቡ። ቀስ ብሎ ማጥበቅ፣ በእጅ ማስጀመር። የጥድፊያ ማሽን አይጠቀሙ። ሌላ የለውም።

የመጣልኝ ዕቃ እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ትእዛዙ ላይ "ታይታኒየም" ብቻ አትጻፉ። ግሬዱና ደረጃው ይጻፍ፦ በአሜሪካው የደረጃ ድርጅት በኤኤስቲኤም ለላሜራ ቢ265፣ ለሙቀት መለዋወጫ ቱቦ ቢ338፣ ለዘንግ ቢ348፣ ለተቀጠቀጠ ዕቃ ቢ381። ከዕቃው ጋር የአምራቹ የፍተሻ ሰነድ፣ የማቅለጫ ቁጥሩ ዕቃው ላይ ታትሞ፣ ይምጣ።

በእጅ የሚያዘው ሽጉጥ መሳይ የኤክስሬይ መመርመሪያ ጠቃሚ ነው። ፓላዲየም መኖሩን፣ ቫናዲየም መግባቱን ይነግራል። ግን ኦክስጅንን አያይም። ስለዚህ ግሬድ 1ን ከግሬድ 2 አይለይም። ይህን የማያውቅ መርማሪ ወረቀት ላይ ፈርሞ ሲያልፍ አይቻለሁ። ወደ ላብራቶሪ መላክ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ታይታኒየም ይቀጣጠላል የሚባለው እውነት ነው?

ግዙፉ ዕቃ አይደለም። የቶርኖ ቁርጥራጭ፣ ዱቄት፣ ቀጭን ቱቦ ግን አዎ። አሮጌ የኮንደንሰር ቱቦ በጋዝ መቁረጫ ሲነካ ጥቅሉ ሙሉ ሊነድ ይችላል። ውሃ አታፍስሱበት፤ ያባብሰዋል። ደረቅ አሸዋ፣ ደረቅ ጨው ወይም ለብረት እሳት የተሠራ ማጥፊያ ይኑር። ቁርጥራጩን ከዘይት ጋር አታከማቹት።

ዋጋው ለምን አይቀንስም? ማዕድኑ ብዙ ነው ይባላል።

ብዙ ነው። በምድር ቅርፊት ውስጥ በብዛት ዘጠነኛው ንጥረ ነገር ነው። ዊልያም ግሬጎር እ.ኤ.አ. በ1791 ካገኘው፣ ክላፕሮት በ1795 ስሙን ከሰጠው በኋላ ግን ከኦክስጅን ተላቆ ንጹሕ ብረት እስኪሆን ከመቶ ዓመት በላይ ፈጅቷል። ዛሬም የዊልሄልም ክሮል መንገድ ነው የሚሠራው፦ በክሎሪን ቀይሮ፣ በማግኒዚየም ነጥቆ፣ በየጊዜው ጋኑን ከፍቶ ማውጣት። አድካሚ ነው። ኦክስጅን የማይለቀው ጠባዩ ሲጠቅመን ያድነናል፣ ስናመርተው ያስከፍለናል።

ስለዚህ ውድድሩ ከማን ጋር እንደሆነ እወቁ። ለተራ ሙቀት የባሕር ውሃ መስመር የፋይበርግላስ ቱቦ ሊበቃ ይችላል። ለሙቅ ሃይድሮክሎሪክ ደግሞ ታንታለም ወይም ዚርኮኒየም ይሻላል፤ ታይታኒየም ግዙ አልልም።

ቱቦው ውስጥ የተጋገረውን በአሲድ ብናጥበውስ?

ብዙ ሰው ይህን የሚጠይቀው ካጠበ በኋላ ነው። ለስቴንለስና ለመዳብ የሚሸጠው የማጠቢያ አሲድ ውስጥ ብረት የሚጠብቅ ኬሚካል አለበት። ያ ኬሚካል ታይታኒየምን አይጠብቅም። ታይታኒየም በሃይድሮክሎሪክ ሲታጠብ የሚያድነው ሦስት ቻርጅ ያለው የብረት አዮን ነው፤ ጥቂት ፌሪክ ክሎራይድ መጨመር ማለት ነው። ፍሎራይድ ያለው ማጠቢያ ደግሞ ከመጋዘኑም ይውጣ። ዕቃው ለዓመታት የቆመበትን ሥራ የጽዳት ድርጅት በአንድ ከሰዓት ሊያጠፋው ይችላል፣ ስለዚህ ለጽዳት የሚመጡትን ሰዎች ምን ሊያፈሱ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

ከመግዛቴ በፊት መሞከር እችላለሁ?

ይቻላል፣ ርካሽም ነው። ትንንሽ የብረት ናሙናዎች በሚዛን መዝናችሁ በራሱ በሚሠራው ፈሳሽ ውስጥ ስቀሉ። አንዱ የተበየደ ይሁን። አንዱ በቴፍሎን ቀለበት ተጠብቆ ጠባብ ክፍተት የተሠራለት ይሁን። ግሬድ 2 እና 7 ጎን ለጎን ይግቡ። ጥቂት ወራት ቆዩ፤ ፋብሪካው የቆመበትና እንደገና የተነሣበት ጊዜም በመካከሉ ይግባ፣ ኬሚካሉ ከልማዱ የሚወጣው ያኔ ነውና። አውጥታችሁ መዝኑ። ከሚዛኑ በፊት ግን ቀለበቱን አንሱና ከሥሩ ያለውን ገጽ ተመልከቱ።